ነጠላውና ፊቱ፦ የብርሃን ልክ በጎንደር ደጋ የሠርግ ፎቶግራፎች ታሪክ ውስጥ

ለታሪክ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእስ በታሪክ ትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙም የተለመደ አይደለም። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መሬት ሥሪት አልናገርም። የምናገረው ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንድ ጠባብ ጉዳይ እመርጣለሁ። በጠራራ ፀሐይ የተነሣ ፎቶግራፍ ምን ያህል ብርሃን እንዲቀበል ተደረገ? ያ ልክስ ማንን አሳየ፣ ማንን ሰወረ? ባለሙያዎቹ ይህን ልክ «ኤክስፖዠር» ይሉታል። እኔ «የብርሃን ልክ» እለዋለሁ።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በሌላ በር ነው። በአይከልና በአካባቢዋ የቤተሰብ ታሪክ ስሰበስብ፣ አረጋውያን ቃላቸውን ከሰጡኝ በኋላ አልበማቸውን ያወጡልኝ ነበር። አልበም ከፍቶ ማሳየት በእኛ ቤት የመስተንግዶ ክፍል ነውና ቡናው ሳይፈላ ገጹ ይገለጣል። ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር እየተደጋገመ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በቀን ብርሃን፣ ከቤት ውጭ በተነሡት የሠርግ ፎቶግራፎች ላይ የነጠላው ጥለት በክሩ ይቆጠራል፤ የለባሿ ፊት ግን ጥቁር ሞላላ ነው። ዓይን የለውም፣ ፈገግታ የለውም። በሌሎቹ ደግሞ ፊቱ ይታያል፣ ልብሱ ግን ጥልፍም እጥፋትም የሌለው ነጭ ባዶ ቦታ ሆኗል። ሁለቱም በልኩ የወጡበት ፎቶግራፍ ጥቂት ነው።

«የዛን ቀን ፀሐይዋ ኃይለኛ ነበረች» ይላሉ ባለቤቶቹ። እኔ ግን ፀሐይዋን ብቻዋን ተጠያቂ ማድረግ አይገባም ባይ ነኝ። በነጠላውና በፊቱ መካከል አንድ ሰው መርጧል። አንዳንድ ጊዜ የመረጠው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከእርሱ አስቀድሞ በሩቅ አገር ፊልሙን የቀመመው ወይም የብርሃን መለኪያውን የሠራው ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም «ቬሎው ይውጣልን» ብሎ ገንዘብ የከፈለው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍን እንደ ታሪክ ምንጭ የምናነብ ሰዎች «በዚህ ሥዕል ላይ ያለው ማን ነው?» ከማለታችን በፊት «ብርሃኑ የተለካው ለማን ነበር?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ የቦታውን ብርሃን እንመልከት። አይከል የጭልጋ ማእከል ናት፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ትገኛለች። ከፍታ ብርሃንን የሚለውጠው በሁለት መንገድ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይዋ ቀጥተኛ ጨረር ይበረታል፤ በሌላ በኩል ብርሃኑን በትኖ ወደ ጥላው የሚመልሰው አየር ስለሚያንስ ጥላው ይጠቁራል። በደጋ የጥር ቀን ከዋርካ ሥር የተቀመጠ ሰው ከሩቅ የማይለየው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ቁጥር ላስገባ። በጠራ ሰማይ የቀጥታ ፀሐይ በአንድ ገጽ ላይ የምታሳርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል፤ በጥላ ሥር የሚቀረው የዚህ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው። ታጥቦ የነጣ የፈትል ነጠላ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን፣ 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ጠይም ፊት የሚመልሰው በግምት የዚያን አንድ ስድስተኛ ነው። ነጠላው ፀሐይ ላይ፣ ፊቱ በዣንጥላ ወይም በራሱ በነጠላው ጥላ ሥር ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 60 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሙሽራውን ጥቁር ሱፍ ጨምሩበት። በወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ከነጭ እስከ ጥቁር ሊሸከም የሚችለው ልዩነት ደግሞ ከ100 ለ1 ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ወረቀቱ ሠርጉን ሁሉ አይችለውም። አንድ ነገር መቅረት አለበት፤ የሚቀረውን የሚወስነው የብርሃን ልክ ነው።

ይህ ችግር ከፎቶግራፍ ጋር ወደ አገራችን የገባ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ በዘመተው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የመሐንዲሶች ክፍል የፎቶግራፍ ቡድን ነበር። በዚያ ዘመን የሚሠራበት ኮሎዲዮን የሚባለው እርጥብ ኬሚካል በመስታወት ላይ ይቀባ ነበር፤ ይህ ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀይ ብርሃንን አያይም። የቡናማ ቆዳ ብርሃን ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ ኮሎዲዮን ሰማዩን ከእውነቱ አብልጦ ያነጣል፣ ጠይሙን ሰው ከእውነቱ አብልጦ ያጠቁራል። ይህ ጉድለት መታረም የጀመረው ሄርማን ፎግል የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1873 እ.ኤ.አ. ማቅለሚያ በመጨመር ኬሚካሉ ሌሎች ቀለሞችንም እንዲያይ ማድረግ እንደሚቻል ካገኘ በኋላ ነው። ቀይን ጭምር የሚያየው ሰሌዳ በገበያ ላይ እስኪውል ድረስ ደግሞ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገብቶ ነበር።

ነገር ግን ሁሉን በኬሚካሉ ላይ ማላከክ አይቻልም። በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። አባቱ የተወለዱባት ቋራ ከአይከል ሩቅ አይደለችምና ሕፃኑን የእኛ አካባቢ ሰው ብዬ ብቆጥረው አትፈረዱብኝም። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዕውቅ ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። የተጠቀመችበት ያው ኮሎዲዮን ነው። ይሁንና የሰባት ዓመቱ ልጅ ፊት በግልጽ ይነበባል፤ ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ ሐዘኑ ሁሉ አለ። ካሜሮን የሠራችው በጠራራ ፀሐይ አልነበረም፤ በለስላሳ ብርሃን፣ ሰሌዳውን ለረጅም ሰከንዶች ክፍት አድርጋ፣ ልኩን ለፊቱ ብላ ነበር የምትለካው። ያው ኬሚካል ሆኖ ሳለ ፊቱ የተገኘው ፊቱን የፈለገ ሰው ስለነበረ ነው። በተማረከ ሕፃን ላይ የተደረገውን ነገር ማሞገሴ አይደለም፤ ስለ ብርሃኑ ብቻ ነው የምናገረው።

በአዲስ አበባም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ በስቱዲዮ ሲሠሩ ብርሃኑ በእጃቸው ነበር። ከስቱዲዮ ውጭ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ወደ ጎንደር ከመጡት ካሜራዎች መካከል በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል መሪነት እዚህ ወራት የሰነበተው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ይገኝበታል፤ ይህ ቡድን የአባ አንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ በመውሰዱ ከፎቶግራፉ ይልቅ በዚያ ይታወሳል። ከ1936 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ የጣልያን ወታደሮች በኪሳቸው የሚያዝ ካሜራ ይዘው መጡ። እነዚህ ሁሉ የሚያነሡት ለራሳቸው ነበር። ባለፎቶው አልበሙን አላየውም፤ ስለዚህ «ፊቴ ጠቆረ» ብሎ የሚከራከርበት ዕድል አልነበረውም። የሠርግ ፎቶግራፍ በዚህ ይለያል። የተነሣው ሰው ከፋይ ነው፣ ሥዕሉም ቤቱ ይገባል፤ ክርክሩ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በደጋው ልማድ ሙሽሪት ፊቷን ተሸፍና፣ በሚዜ ታቅፋ ወይም በበቅሎ ተጭና ነበር የምትሄደው። በአሮጌ የሠርግ ፎቶግራፍ ላይ ከካባው ሥር ጥቁር ቦታ ብቻ ስናይ፣ የሰወራት ባህሉ ይሁን ብርሃኑ ወዲያው መወሰን አይቻልም። ለመለየት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፤ በዚያው ሥዕል ላይ ፊታቸውን ያልተሸፈኑትን ሚዜዎች እመለከታለሁ። የእነርሱም ፊት ጥቁር ሞላላ ከሆነ ጥፋቱ የልኩ ነው። የእነርሱ ፊት ተነባቢ ሆኖ የእርሷ ብቻ ከጠፋ የተሸፈነችው በልማዱ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ሳይለይ «የሴቶች አለመታየት» የሚል ምዕራፍ ቢጽፍ፣ ግማሹን የጻፈው ስለ ኬሚስትሪ ሊሆን ይችላል።

ወደ ፊልሙ ዘመን እንምጣ። ፊልም ተገዝቶ ሲመጣ አብሮት የብርሃን መመሪያ ይመጣ ነበር፤ ፀሐይና ደመና በትንንሽ ሥዕል የተመለከቱበት ነው። ብርሃን መለኪያ ለሌለው ሰው ይህ መመሪያ መምህሩ ነበር። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ በደንብ ከወጣች የሌንሱን መክፈቻ ኤፍ 16 ላይ አድርግ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር አስተካክል፤ ፊልሙ 100 ከሆነ ፍጥነቱ አንድ መቶኛ ሰከንድ ገደማ ይሁን። ከዚህ በላይ አንድ ደረጃ አለ፦ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ወይም በበረዶ ላይ የምታነሣ ከሆነ መክፈቻውን አንድ ስቶፕ ጨምረህ አጥብብ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው።

አሸዋና በረዶ! ለአይከል ፎቶግራፍ አንሺ ይህ ምን ማለት ነበር? በረዶ የሸፈነው ምድር በስሜን ተራሮች ጫፍ አልፎ አልፎ ካልታየ በቀር አናውቅም። ነጭ የባሕር ዳርቻ አሸዋም በዙሪያችን የለም፤ አገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ መመሪያው የሚገልጸው ሁኔታ እኛ ዘንድ አለ። የእኛ አሸዋ ነጠላ ነው። ሁለት መቶ ሰው ነጭ ለብሶ ሜዳ ላይ ሲቆም የሚፈጠረው ነጸብራቅ ከባሕር ዳርቻው የሚተናነስ አይደለም። የተጠነቀቀ ፎቶግራፍ አንሺ መመሪያውን አክብሮ አንድ ስቶፕ ያጠብባል፤ ነጩ ይድናል። ችግሩ ግን መመሪያው ሲጻፍ በአሸዋው ላይ የቆመው ሰው ፊቱ ገርጣ ያለ ነው ተብሎ መታሰቡ ነው። ገርጣ ያለ ፊት አንድ ስቶፕ ቢቀነስበት አይጎዳም። ጠይም ፊት ግን በነጠላው ጥላ ሥር ሆኖ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ግማሽ ብርሃኑ ሲቀነስበት፣ የሚቀረው ያ ጥቁር ሞላላ ነው። የባሕር ዳርቻ ሕግ ባሕር በሌለበት አገር የሠራው ሥራ ይህ ነው።

የብርሃን መለኪያ ያለው ካሜራ ሲመጣ ነገሩ የሚሻል ይመስል ነበር። መለኪያው ግን ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ የሚነሣ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ 18 በመቶ ብርሃን እንደሚመልስ ወረቀት አድርጎ ያነባል። ነጭ ቬሎ ቢያሳዩት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ቬሎው ግራጫ፣ ሙሽሪት ጥቁር ትሆናለች። ጥቁር ግንብ ቢያሳዩት ተቃራኒውን ያደርጋል። ጎንደር ላይ ይህን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፦ ጠዋት በፋሲል ግቢ የጠቆረ ድንጋይ ፊት የተነሣው ሥዕል ላይ ቬሎው ተቃጥሎ ነጭ ባዶ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ በነጭ ለባሽ ሕዝብ መካከል የተነሣው ላይ ፊቶቹ ይጠፋሉ። ሰውየው ያው፣ ካሜራው ያው፣ ሠርጉም ያው ነው።

የቀለም ፊልም ሌላ ሸክም አመጣ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል የናሙና ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእርሷ ፊት አምሮ ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው ይባላል። በዚሁ ጥናት መሠረት ኮዳክ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን በተሻለ እንዲለይ ከገፋፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚያስተዋውቁ ድርጅቶች ይገኙበታል። የሰው ፊት ያልገፋውን ቸኮሌት ገፋው ማለት ነው። ይህ ታሪክ አሁን በሰፊው ስለሚነገር በእርሱ ላይ አልቆይም። እንዲያውም ከመጠን በላይ እንዳይጫን እፈራለሁ፤ አዲስ አበባ ተልኮ በሚታጠብ ፊልም ላይ፣ አጣቢው እጁን ትንሽ ቢያዘገይ ብዙ ፊት ይተርፍ ነበርና።

በዚህ ሁሉ መካከል መፍትሔ ያገኙ አንሺዎች ነበሩ። ያነጋገርኋቸው የቀድሞ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ዘዴ አለ፦ መለኪያውን ወደ ሙሽሮቹ ከማዞር ይልቅ የራስን መዳፍ በእነርሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንዲያርፍበት አድርጎ፣ መዳፉን ለክቶ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ መክፈት። የመዳፍ ውስጥ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም፤ ከጠይሙም ከቀዩም መዳፍ የሚመለሰው ብርሃን ተቀራራቢ ነው፤ ከመለኪያው ግራጫም አንድ ስቶፕ ያህል ይበራል። በፋብሪካ ከተሠራው ግራጫ ካርድ ይልቅ የራሳቸውን እጅ መለኪያ ማድረጋቸው እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ወራትና ስለ ሰዓት። በደጋው የሠርግ ወራት በጾም ይወሰናል። ዋናው ጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ። ሁለተኛው ከትንሣኤ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለአንባቢ ቀሳውስት ይህ የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ ለፎቶግራፍ አንሺው ግን ሁለት የተለያዩ ፀሐዮች ናቸው። አይከል ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። በጥር አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ከአድማስ 57 ዲግሪ ገደማ ትቆማለች፤ የአንድ ሰው ጥላ ወደ ሰሜን ከአንድ ሜትር በላይ ይወድቃል። በሚያዝያ አጋማሽ ግን ፀሐይዋ በአናት ላይ ትውላለች። ቅንድብ ዓይንን፣ አፍንጫ ከንፈርን ያጠላል፤ ዓይኖች ሁለት ጉድጓድ ይሆናሉ። ሰዓቱም አይረዳም። ፀሐይዋ በጎንደር ከፍተኛ ቦታዋን የምትይዘው 6 ሰዓት ከግማሽ ገደማ ነው፤ ሙሽራው ሙሽሪትን ከቤቷ ይዞ የሚወጣበትም ሰዓት ከዚህ አይርቅም። ሠርገኛው ለብርሃን ብሎ አይጠብቅም፤ ወጡም ይቀዘቅዛል።

ይህ ለታሪክ ሰው የሚሰጠው ጥቅም አለ። ቀን ያልተጻፈበት የሠርግ ፎቶግራፍ ሲገጥመኝ ጥላውን አያለሁ። በአንድ ቤት ሥዕሉ የጥር ሠርግ ነው ተብሎ ተሰጠኝ። ቤቱ አሁንም ስላለ የደጁን አቅጣጫ አረጋገጥሁ፤ በሥዕሉ ላይ የሰዎቹ ጥላ ከእግራቸው ሥር ተሰብስቦ ነበር። የጥር ፀሐይ በየትኛውም ሰዓት እንዲህ ያለ ጥላ አትሰጥም። ሠርጉ ከትንሣኤ በኋላ የተደረገ መሆን አለበት ብዬ ስናገር፣ እናትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሐዘን ነበረብን፤ ተላልፏል» አሉኝ። ብዙ የቃል ታሪክ እንዲህ የሚከፈተው በትንሽ ነገር ነው።

አሁን ባለው ትውልድ ሙሽሮች ወደ ሐይቅ መውረድ ወደዋል። የባሕር ዳርቻ ሠርግን በፊልምና በስልክ ያዩ ወጣቶች ባሕሩን ጣና ላይ አግኝተውታል፤ በቋንቋችንም ቢሆን ሐይቁን ባሕር ማለት የቆየ ነው፣ የባሕር ዳር ስም ራሱ ምስክር ነው። ከአይከል የሚነሡት በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ የመልክዓ ምድር ዕጣ አለ። ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ስለሆነች ውኃው በስተደቡብ ነው። በጥር ፀሐይዋም ከደቡብ ናት። ስለዚህ ሙሽሮቹ ውኃውን ከኋላቸው አድርገው ከቆሙ ፀሐይዋም ከኋላቸው ናት፤ የውኃው ነጸብራቅ ሌንሱን ይወጋል፣ ፊታቸው ይጨልማል። ባሕር ዳር ከተማ ግን በደቡባዊው ዳርቻ ስለሆነች ውኃው በስተሰሜን ነው፤ ፀሐይዋ ፊታቸውን ታበራለች። በጥር የጎርጎራ ሙሽሮች ጥቁር ጥላ፣ የባሕር ዳር ሙሽሮች ብሩህ የሚመስሉት በአንሺው ብቃት ብቻ አይደለም። በውጭ አገር መጻሕፍት ነጭ አሸዋ ከታች ብርሃን እየመለሰ ፊትን ይረዳል ይባላል፤ የጎርጎራ ዳርቻ ግን ጠቆር ያለ አፈርና ድንጋይ ነው፤ የሚመልሰው ጥቂት ነው። የተነጠፈ ጋቢ ሥራውን ይሠራል። ሙሽሮቹ እግር ሥር፣ ከሥዕሉ ክልል ውጭ ነጭ ጋቢ የሚያስይዝ ወጣት አንሺ አይቻለሁ፤ ነጩ ጨርቅ በመጨረሻ የፊት ወዳጅ ሆኖ አገኘሁት።

ሌላው ዘዴ በቀን ፍላሽ መጠቀም ነው። ነገር ግን ፀሐይን የሚገዳደር ፍላሽ ከሦስትና ከአራት ሜትር አልፎ ብዙ አይደርስም። ሁለቱን ሙሽሮች ያበራል፤ ከኋላ የተሰለፉት እናቶችና አክስቶች በጨለማቸው ይቀራሉ። በአልበሙ ውስጥ ሠርጉ የሁለት ሰው ጉዳይ እየመሰለ የመጣው በዘመናዊነት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የጥንቱ ዳስ ከዚህ ይሻል ነበር። በቅጠል የተሸፈነ ዳስ ለሁሉም እኩል የሆነ ለስላሳ ጥላ ይሰጣል፤ ዕድምተኛውም ሙሽራውም በአንድ ብርሃን ይበላል። ቅጠሉ በፕላስቲክ ሸራ ሲተካ ሰማያዊው ሸራ የሠርገኛውን ፊት ሁሉ ሰማያዊ አደረገው።

ዲጂታል ካሜራ ሲገባ የባለሙያው ሕግ ተገለበጠ። የፊልም ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፤ የሚጎዳው ሲያንስበት ነው። ስለዚህ ጥሩ አንሺ ለጥላው ይለካ፣ ብርሃኑንም ይለግስ ነበር። ዲጂታሉ በተቃራኒው፣ ነጩ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም። በፊልም የሠለጠነ እጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሀበሻ ቀሚስን ጥለት እየደመሰሰ አለፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት ለቬሎው ሲሉ ብርሃኑን ቀነሱ፤ ፊቱ እንደገና ጨለመ። ይህን ደግሞ በኮምፒውተር ማንጣት ተጀመረ። እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። የጨለመን ፊት እስከ እውነተኛ መልኩ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ጠይሟን ልጅ እህቶቿ እስኪስቷት ድረስ ማቅላት ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በብዙ ፎቶ ቤቶች የሚደረገው ሁለተኛው ነው። ከኮሎዲዮን ጀምሮ ከእውነቱ በላይ ሲጠቁር የኖረው ፊት አሁን ከእውነቱ በላይ እየነጣ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የጎንደር ሙሽሮች መልክ በ2010ዎቹ በድንገት ተለወጠ ብሎ ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ይህ ሁሉ የሥነ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ። በአገራችን የጋብቻ ምዝገባ በወሳኝ ኩነት ሥርዓት በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተጋቡ አብዛኞቹ ሰዎች የምስክር ወረቀት የላቸውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወረቀት በሌለ ጊዜ የትዳር ሁኔታ መኖሩን በምስክር ማስረዳትን ይፈቅዳል፤ ምስክሮች ግን ያረጃሉ፣ ይሞታሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ውርስ ስትጠየቅ ከሣጥኗ የምታወጣው ነገር ቢኖር ያ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ጥቁር ሞላላ እርሷ መሆንዋን የሚናገር ሰው ከሌለ፣ ሥዕሉ የነጠላ ሥዕል ብቻ ነው።

በቅርብ ዓመታትም በአካባቢያችን በደረሰው ጥፋት ቤት ሲቃጠል አልበም አብሮ ተቃጥሏል። ለብዙ ቤተሰብ የቀረው ዘመድ በስልኩ አንሥቶት የነበረ ቅጂ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ደጅ ላይ፣ በፀሐይ፣ ወረቀቱ እያብለጨለጨ የተነሣ ነው። በአሮጌው የልክ ስሕተት ላይ አዲስ የልክ ስሕተት ተደርቦበታል።

ስለዚህ በዚህ የእረፍት ወቅት ወደየቤታችሁ ለምትሄዱ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ። የቤታችሁን አልበም ቅዱ። ፎቶግራፉን ወደ ፀሐይ አታውጡት፤ በር አጠገብ፣ ቀጥተኛ ጨረር የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ፍላሹን አጥፉ። ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። ከጎኑ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አኑሩ፣ በኋላ ነጩ ምን ያህል ነጭ እንደነበረ ለማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ አንሡ፤ አንዱን ልብሱ እስኪለይ፣ ሌላውን ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን በመጨመር ፊቱ እስኪለይ። ጀርባውን ገልብጣችሁ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም አንሡ። ከዚያም በቤቱ ካሉት ሴቶች በዕድሜ ትልቋን ከአጠገባችሁ አስቀምጡና ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱ ጥቁር ፊት ማን እንደሆነ እየጠየቃችሁ ስሙን ከነአባቱ ጻፉ። ቀጠሮ አትስጧቸው።